ሕመሙ ባይለቅም ሐሳቡ እንዲለቅ

በአማርኛችን «ሐሳብ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ተማሪው ለፈተናው መልስ የሚያወጣው በሐሳብ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶ ጣራ ጣራ የሚያሳየውም ሐሳብ ነው። ምክር ስንፈልግ «እስቲ ሐሳብ ስጠኝ» እንላለን፤ ፊቱ የጠቈረ ወዳጃችንን ስናገኝ ደግሞ «ምነው፣ ምን ሐሳብ ገባህ?» እንላለን። የሚያስተዳድረንም የሚያስጨንቀንም ያው አንድ አእምሮ ስለ ሆነ፣ አንድ ቃል ለሁለቱ መብቃቱ የሚያስገርም አይደለም።

ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ታሞ የሚድነውን ሳይሆን ከሕመሙ ጋራ የሚኖረውን ሰው የሚመለከት ነው። ወባ ሲመጣ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፤ መድኃኒቱን ሲያገኝ ይሄዳል። ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ በሽታ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ኤች አይ ቪ የመሳሰሉት ግን እንግዶች አይደሉም፤ ገብተው ጓዛቸውን አውርደው የሚቀመጡ ናቸው። እንዲህ ያለ በሽታ ያደረበት ሰው «መቼ እድናለሁ?» ብሎ መጠየቁን ትቶ «እንዴት እኖራለሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ከዚህም ጥያቄ ጋራ ሐሳብ የሚባለው ሁለተኛው በሽታ ይገባል። ለመጀመሪያው በሽታ ሐኪሙ መድኃኒት ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው «አይዞህ፣ አትጨነቅ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ነገሩን በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ላይ ሆነን ብንመለከተው ይሻላል ብለናል። በትልቅ ከተማ ለሚኖር በሽተኛ ሐሳብን ማስረሻ ብዙ ነው፤ ሲኒማ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ የስልኩም መስኮት ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። ከአምደ ወርቅ ወይም ከጽጽቃ ወጣ ብሎ በተራራ ጥግ ለሚኖር ገበሬ ግን ያለው ቤቱ፣ ማሳው፣ ፍየሎቹ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ጎረቤቱ ናቸው። ዝናቡ የማይታመንበት፣ አፈሩ የሳሳበት አገር ነው። ሰቆጣ ከቀይ ባሕር አካባቢ በግመልና በበቅሎ ይመጣ የነበረው አሞሌ ጨው የሚገበያይባት ታላቅ የገበያ ከተማ እንደ ነበረች ታሪክ ይናገራል፤ የኋላው ዘመን ሰው ግን ስሟን ይበልጥ የሚያውቀው ከ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጋራ ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ ስፍራ የሚሠራ ምክር ከተገኘ ሌላም ስፍራ ሳይሠራ አይቀርም።

በመጀመሪያ ስለ በሽተኛ ጥየቃ አንድ ነገር እንበል። በአገራችን የታመመን መጠየቅ ትልቅ ምግባር ነው፤ ጎረቤት ታሞ ሳይጠይቁ መቅረት ያስነቅፋል፣ ያስኰርፋል። ነገር ግን የጥየቃውን ሥርዓት ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጠያቂዋ ገብታ «እግዜር ይማርሽ» ብላ ትቀመጣለች። ቀጥላም «ከየት ጀመረሽ? ምን ምን ይልሻል?» ትላለች። ታማሚዋም ሕመሙ የጀመራትን ዕለት፣ ሐኪሙ ያላትን፣ ሌሊት ያደረገችበትን ሁሉ ትዘረዝራለች። ይህ ሲያበቃ ሌላዋ ጎረቤት ትገባና ነገሩ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ማምሻውን ያው ታሪክ ስድስት ሰባት ጊዜ ተተርኳል። አንዳንዷም ለማጽናናት ያህል «የእገሌም እኅት በዚሁ ነበር የሞተችው» ብላ ትወጣለች!

ሕመሙ የሦስት ቀን ከሆነ ይህ ጥየቃ መጽናኛ ነው፤ ሰው ብቻውን አለመሆኑን ያውቅበታል። ሃያ ዓመት ለሚቆይ ሕመም ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ሴትዮዋ ቀስ በቀስ የቤት እመቤት፣ ባለሙያ፣ አያት፣ ማኅበርተኛ መሆኗ ይቀርና «ስኳር ያለባት ሴትዮ» ትሆናለች። ሌላ ወሬ የሚያወራት ሰው አይገኝም። እኛ እንደሚመስለን በሥር የሰደደ ሕመም ላይ ከሚደርሰው ጉዳት አንዱና ሳይታወቅ የሚቀረው ይህ ነው። ጠያቂው «እንዴት ነሽ?» የሚለውን አንድ ጊዜ ጠይቆ፣ መልሱን በደንብ ሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ገበያው፣ ስለ ጥጃዋ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቢያወራት ምን ይጐድልበታል?

«አትጨነቅ» የሚለውም ምክር ቢሆን መልካም ልብ ያለው ሰው የሚሰጠው ነው፤ ነገር ግን እንደማይሠራ የተመሰከረ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋራ ተማሪዎችን ሰብስቦ አንድ ቀላል ነገር አዘዛቸው። «ለአምስት ደቂቃ ያህል በልባችሁ የሚመላለሰውን ሁሉ ተናገሩ፤ ስለ ነጭ ድብ ብቻ እንዳታስቡ፤ ድቡ በሐሳባችሁ በመጣ ቊጥር ግን ደወሉን ምቱ» አላቸው። በሌላ ቀን አንድም ጊዜ ነጭ ድብ ትዝ ብሏቸው የማያውቁት እነዚያ ተማሪዎች ደወሉን ደጋግመው መቱት። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ክልከላው ተነሥቶ «አሁን ስለ ድቡ ማሰብ ትችላላችሁ» በተባሉ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይልቅ አብዝተው ስለ ድቡ ማሰባቸው ነው። የተገፋ ሐሳብ ተመልሶ ሲመጣ ዘመዶቹን አስከትሎ ይመጣል ማለት ነው።

ዌግነር ግን በዚያ አላበቃም። በሁለተኛው ሙከራ ለተማሪዎቹ «ድቡ በመጣባችሁ ጊዜ በእርሱ ፈንታ ስለ አንድ ቀይ ቮልስዋገን አስቡ» አላቸው። በዚህ ጊዜ የድቡ ተመልሶ መምጣት ቀነሰ። (የአዲስ አበባ ሰው ከነጭ ድብ ይልቅ ቮልስን ስለሚያውቅ ይህ ሙከራ በእኛ አገር ቢደረግ ሳይሻል አይቀርም ነበር።) ከዚህ የምንረዳው፣ ሐሳብን በባዶ እጅ ማባረር የማይቻል መሆኑንና በስፍራው የሚቀመጥ አንድ የተለየ፣ የታወቀ ነገር ማስፈለጉን ነው። አእምሮ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ቢቅበዘበዝ ተመልሶ ድቡ ላይ ያርፋል፤ የሚይዘው አንድ ነገር ሲያገኝ ግን ይረጋል።

እንግዲህ የዋግ ደጋ እናቶች «ቀይ ቮልስዋገን» ምንድን ነው ብንል፣ መልሱ በየቤቱ ጓዳ ተቀምጧል። ፈትልን እንውሰድ። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ፈታዩዋ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ እንዝርቱን ታሾራለች። ክሩ እንዳይበጠስ፣ እንዳይወፍር፣ እንዳይቀጥንም ዐይኗና ጣቷ አብረው ይሠራሉ። ይህ ሥራ እጅን ያደክማል ማለት አይቻልም፤ ልብን ግን አይለቅም። ሙሉ ትኵረትዋን ባይወስድም ትኵረትዋ የሚያርፍበት ስፍራ ይሰጣታል። ማታ ልቃቂቱ ሲታይ ደግሞ የዋለችበት ቀን በእጇ የሚያዝ ነገር ሆኖ ታገኘዋለች። ሕመምተኛ ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሕመም ከሚወስዳቸው ነገሮች አንዱ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማጣት ነውና። ስፌትም እንዲሁ ነው። አክርማውንና ስንደዶውን አቅልማ፣ ወስፌዋን ይዛ መሶብ የምትሰፋ ሴት የሐረጉን ቊጥር ስታ ብትሳሳት መፍታት ስላለባት፣ ሐሳብ ሊነጥቃት ሲመጣ ቊጥሩ ይመልሳታል። መሰላቸት ያለበት ሥራ ይህን አይሠራም፤ ከአቅም በላይ የሆነም አይሠራም። በመካከል ያለው ነው የሚሻለው።

ወንዶቹን በተመለከተ ገበጣ አለላቸው። ይህ ጨዋታ ሥራ ፈት ይጫወተዋል ተብሎ ሲናቅ ሰምተናል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ አገሮች የሚገኙትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ እጅግ ብዙ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ንጉሡም እረኛውም ይጫወቱት የነበረ ነገር ነው። በየጉድጓዱ ያለውን ጠጠር ሳይነኩ መቊጠር፣ የተቃራኒን እርምጃ አስቀድሞ ማየት፣ በሽንፈትም መሳቅ፤ ይህን ሁሉ እያደረገ ስለ ደም ግፊቱ የሚያሰላስል ሰው ካለ እውነትም ጐበዝ ነው። ሰሌዳ ባይኖር መሬት ይቆፈራል፤ ጠጠር ደግሞ በዋግ ጠፍቶ አያውቅም።

ስለ ንብ ሳንናገር ብናልፍ የሰቆጣ ሰው ይቀየመናል። የዋግ ማር የታወቀ ነው። ቀፎ ያለው ሰው ጧት ወጥቶ ንቦቹ ሲገቡና ሲወጡ መመልከት ግዴታው ነው፤ አውራው እንዳይሄድ፣ ጉንዳን እንዳይገባ፣ በበጋ ውኃ እንዳያጥራቸው ይጠብቃል። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲያብብ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ማር የሚቈረጥበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ንብ ያለው ሰው ዘወትር ወደ ፊት የሚጠብቀው ቀን አለው። አንድ ነገር ብቻ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ስኳር ያለበት ባለ ቀፎ ማሩን ለገበያና ለልጆቹ ትቶ በሽታውን ብቻ ይዞ መቅረቱ ነው። እንዲህም ሆኖ ያየናቸው ባለ ቀፎዎች ከንቦቻቸው አይለዩም።

ሥራ ሐሳብን ብቻ ሳይሆን ሕመምን ራሱን እንደሚያቀል ሳይንስም ከመሰከረ ቈይቷል። በ1965 እ.ኤ.አ. ካናዳዊው ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል ባወጡት ጽሑፍ፣ የሕመም መልእክት ከአካል ወደ አንጎል ሲሄድ በጀርባ አጥንት ውስጥ እንደ በር ያለ ነገር እንደሚያልፍና ይህንንም በር አንጎል ራሱ ከላይ ሆኖ ሊያጠብበው ወይም ሊያሰፋው እንደሚችል አስረዱ። ልብ በሌላ ነገር ሲያዝ በሩ ይጠብባል፤ ሰው ብቻውን ጨለማ ውስጥ ተኝቶ ሕመሙን ሲያደምጥ ደግሞ ይሰፋል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሄንሪ ማቲስ በ1941 እ.ኤ.አ. ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቆሞ መሳል ባቃተው ጊዜ፣ በአልጋውና በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ እየቈረጠ ሥዕል መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ ከሚደነቁት መካከል እነዚህ ይገኛሉ። የእኛው ጥላሁን ገሠሠም ቢሆን ስኳር በሽታ እግሩን እስከ ማሳጣት አድርሶት ሳለ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ከሕዝቡ ልብ አልወጣም፤ ዘፋኙ እንጂ በሽተኛው ጥላሁን ተብሎ አልተጠራም።

እስከዚህ ድረስ ያልነውን ያነበበ ወጣት ሹም «እንግዲያውስ ለበሽተኛው እንዝርትና ገበጣ ገዝቶ መስጠት ነው» ብሎ ነገሩን እንዳይዘጋው እንፈራለን። ሐሳብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ወፍጮ መጅ በአንድ ስፍራ የሚመላለስ፣ ቢያስቡት ምንም የማይለውጥ ነው፤ «ለምን እኔን ያዘኝ? ልጆቼ ሳያድጉ ብሞትስ?» የሚለው ከዚህ ወገን ነው። ለዚህ ማስረሻ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ግን አንድ ነገር እንዲደረግ የሚጠይቅ ሐሳብ ነው፤ «መድኃኒቱ ነገ ያልቃል፤ ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ የለኝም» የሚለው ሐሳብ ገበጣ አያስረሳውም፤ ማስረሳትም ነውር ነው። ሁለቱን መለየት የበሽተኛውም፣ የቤተሰቡም፣ የሐኪሙም፣ በቢሮ የተቀመጠውም ሰው ሥራ ነው።

ስኳር በሽታን ለምሳሌ እንመልከት። «ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው» ሲባል እንሰማለን። የጎንደሯ ሐኪም ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቿ በጎንደርና በጅማ ገጠር የሚገኙትን በሽተኞች መርምረው በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር በሽተኞች ብዙዎቹ ወጣቶች፣ ከሲታዎች፣ ድኾች ገበሬዎች ነበሩ። ሐኪሞቹም በልጅነት የደረሰ የምግብ እጦት ለዚህ በሽታ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አመልክተው፣ ዓለም ረስቶት የነበረው ይህ ጥያቄ እንዲከፈት አሳሰቡ። ጥያቄውን የሌሎች አገሮችም ሐኪሞች ስለ ገፉበት፣ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ከምግብ እጦት ጋራ የተያያዘውን የስኳር በሽታ «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ስም ሰጥቶታል። ረኀብን ለሚያውቅ እንደ ዋግ ላለ አገር ይህ ስም ባዕድ ነገር አይደለም።

ታዲያ ለእንዲህ ያለው በሽተኛ ሐኪሙ «በሰዓትህ መርፌህን ተወጋ፤ በሰዓትህም ብላ» ይለዋል። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ማጣት አደገኛ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በታች ወርዶ ሰውን ሊጥል፣ ሊገድልም ይችላል። ጐተራው ባዶ የሆነ ገበሬ በዚህ ቢጨነቅ ጭንቀቱ ትክክለኛ ነው፤ መድኃኒቱም እህል ነው። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጕልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፎ እርዳታ ሲቀበል፣ ጕልበት የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና በጽኑ የታመሙ ሰዎች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ ተደንግጓል። የአንድ ከሲታ ወጣት ስም ከየትኛው ዝርዝር ውስጥ መግባት እንዳለበት የሚወስነው በቀበሌና በወረዳ ያለው ሰው ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ጤነኛ የሚመስል የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ድንጋይ ተሸክሞ እንዲሠራ ቢታዘዝ ማንም አይፈርድም፤ በሽታው አይታይምና። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣቶች መካከል ነገ በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ፊት የሚቀመጡ ይኖራሉ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ቃል የገባበት ሰነድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚች ከተማ መሰየሙም ያለ ምክንያት አይደለም።

መድኃኒቱ ራሱም ሐሳብ አለው። ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም፤ መቀዝቀዝ አለበት፤ በረዶ መሆን ግን የለበትም። ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ ይልቁንም ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ፣ ጠርሙሱን የሚያቆየው የሸክላ ዕቃ ነው። ሸክላው በውኃ ሲርስ፣ ውኃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ስለሚወጣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። የጓዳችን እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዝበት ጥበብ ይኸው ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ፤ ጧት ማታ ሸክላውን ማርጠብ ለበሽተኛው ራሱ ሥራ ይሆነዋል። ጭንቀቱ ወደ ምግባር ተለወጠ ማለት ነው።

ርቀት ደግሞ ሌላው ሸክም ነው። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ የሚገኙ ሐኪሞች በሽተኛው መድኃኒት ለመቀበል ብቻ ቀናት ተጕዞ ሆስፒታል ከሚመጣ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች ሠልጥነው ስኳርን፣ የሚጥል በሽታን፣ የደም ግፊትንና የልብ በሽታን እንዲከታተሉ አድርገዋል። ያለማጋነን ይህ ከብዙ ማጽናኛ ቃላት ይበልጣል። ይህን የመሰለው ሥራ ግን ሰላም ይፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ዋግ ኽምራን በደረሰ ጊዜ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች በሰቆጣ ዙሪያ ተጠልለው ከርመዋል። በየቀኑ መድኃኒት መውሰድ ላለበት ሰው የመንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ስለ ጸበልም ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። በዋግ ደጋ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ የታመመ ሰው ወደ ጸበል ይሄዳል። እዚያም ጸሎት፣ ወዳጅ፣ የቀን ሥርዓት፣ ተስፋም ያገኛል፤ ለልብ ዕረፍት ሲሆን ከዚህ የሚበልጥ ስፍራ ብዙ የለም። ጉዳቱ የሚመጣው መድኃኒቱን ቤት ጥሎ የሚሄድ ሲኖር ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ ያለ ክፍያ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ብዙዎች «ጸበል ወይስ መድኃኒት?» ብለው ይጨነቁ ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ከጸበሉ ጋራ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ በግልጽ በማሳሰባቸው የብዙ ሰው ልብ ዐረፈ። ጾምን በሚመለከትም ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ይቅርታ የምታደርግ ስለ ሆነች፣ ስኳር ያለበት ሰው የንስሐ አባቱን ማማከር እንጂ በድብቅ መጾምና በድብቅ መውደቅ አይገባውም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ አፍሪካዊ አገር እንሻገር። የዚምባብዌ ሾና ሕዝብ ለጭንቀትና ለትካዜ በሽታ የሰጠው ስም «ኩፉንጊሲሳ» ነው፤ ትርጕሙም «አብዝቶ ማሰብ» ማለት ነው። የእኛን «ሐሳብ» ምንኛ ይመስላል! ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. በሐራሬ በጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ፣ 14 አሮጊቶችን አሠልጥኖ ሥራ ጀመረ። በሐሳብ የተያዘ ሰው ይመጣና ከአንዲት አያት አጠገብ ይቀመጣል። እርሷም ሁሉን ሰምታ «ከነዚህ ሁሉ አንዱን ምረጥ፤ እርሱን እንፈታለን» ትለዋለች። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች የተካፈሉበትና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እነዚህ አያቶች የረዷቸው ሰዎች ከሌሎቹ በጣም የተሻሉ መሆናቸውን አረጋግጧል።

አያት በዋግም አለች፤ አግዳሚ ወንበሩን ደግሞ ረከቦቱ ይተካዋል። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ ጊዜ አለ። ነገር ግን ቀደም ሲል የተናገርነው የጥየቃ ልማድ ይህን ጊዜ እንዳይወስደው ማስተዋል ነው። የሐራሬዋ አያት ታሪኩን አስደግማ አታስለቅስም፤ አንድ ነገር አስመርጣ ታስጀምራለች። በቡናው ላይ «መድኃኒትሽ የሚያልቀው መቼ ነው? ማን ነው ወደ ሰቆጣ የሚወርደው?» የምትል አንዲት ጎረቤት ከአሥር «ወይኔ!» ባዮች ትበልጣለች።

እንዲህም ሆኖ መፍትሔ የሌለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ቶማስ ቦርኮቬክ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋራ በ1983 እ.ኤ.አ. ለዚህ አንድ ዘዴ አቀረበ። በቀን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ለጭንቀት ብቻ ይወሰን፤ ሰዓቱም ቦታውም አይለወጥ። ከዚያ ውጭ ሐሳብ ሲመጣ «ቀጠሮህ ማታ ነው» ብሎ መመለስ ነው። ቀጠሮው ሲደርስ ደግሞ በሚገባ መጨነቅ! ይህን ያደረጉ ሰዎች ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። በጨጓራና በፈተና መካከል የሚሰቃየው ተማሪያችን ይህን ቢሞክረው አይጐዳም፤ ቀጠሮውን የመኝታ ሰዓት ላይ አያድርገው እንጂ።

በመጨረሻ ስለ ልጃገረዶች። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በዋግ ኽምራ ሻደይ ይከበራል። ልጃገረዶቹ ለምለሙን ቅጠል በወገባቸው አሥረው፣ ጠጕራቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው በየደጁ ይጫወታሉ። የሚጥል በሽታ ያለባት ወይም ልቧን የምትታመም ልጅ ግን ቤት ትቀር ይሆናል፤ እናት ትፈራለች፤ ጎረቤትም «ምን ያወጣታል?» ይላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከእሳትና ከውኃ እንዲጠበቅ ማድረግ ተገቢ ነው፤ በምድጃ ወድቀው የተቃጠሉ ብዙ ናቸውና። ነገር ግን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ባደረጉት፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ይህ በሽታ ከሺህ ሰው በአምስቱ ላይ ይገኝ ነበር፤ በሕክምና መድኃኒት ይታገዙ የነበሩት ግን እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ርካሽ የሆነውን ክኒን በየቀኑ የምትወስድ ልጅ ከጓደኞቿ መካከል የማትገኝበት ምክንያት የለም። ልቧን የምትታመመውም ብትሆን መዝለሉ ቢቀርባት ከበሮውን ይዛ ግጥሙን መቀበል ትችላለች። ለአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሻደይ ዕለት ብቻዋን ቤት ከመቅረት የሚበልጥ ምን ሐሳብ ይኖራል?

ከሰቆጣ ወጥቶ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ የሚማረውና የሚሠራው ወጣት እናቱን የሚያገኛት በስልክ ነው። ስልኩን አንሥቶ በመጀመሪያ «እማዬ፣ ስኳሩ እንዴት ነው?» ሲላት የሴትዮዋ ድምፅ ዝቅ ይላል። እስቲ «እማዬ፣ ንቦቹ ገቡ ወይ? ላሟስ ወለደች? የእገሌ ሠርግ እንዴት ነበር?» ብሎ ይጀምርላት። ከሳቀች በኋላ መርፌዋን መውሰዷን፣ ቀጠሮዋ መቼ እንደ ሆነና ለመሳፈሪያ ስንት እንደሚያስፈልጋት ይጠይቃት፤ ብሩንም በዚያው ዕለት ይላክላት።